አንድ ፊደል በሁለት ቁራጭ መሃል

ጎንደር ውስጥ ለሶፍትዌር ተማሪዎችና ለጀማሪ ፕሮግራመሮች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቃል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የታይፕ መግለጫ ፋይል ውስጥ፣ ኮድ ምን ዓይነት ዳታ እንደሚቀበልና እንደሚመልስ በሚናገር ፋይል ውስጥ፣ «ስትሪንግ»፣ ማለትም ጽሑፍ፣ ብዬ ጻፍሁ። መግለጫው የተጻፈለት ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚወሰድ ኮድ፣ የሌላ ሰው ነው። ትልልቅ የሲኤስቪ ፋይሎችን፣ በኮማ የተለዩ የሠንጠረዥ ፋይሎችን፣ ቁራጭ በቁራጭ እየተቀበለ ረድፍ በረድፍ የሚያወጣ ትንሽ ፓርሰር ነበር። በጃቫስክሪፕት ስለተጻፈ ታይፕ አልነበረውም። እኔ የምሠራው ታይፕ በተጨመረበት ጃቫስክሪፕት፣ በታይፕስክሪፕት፣ ስለሆነ የሚያስፈልገኝን መግለጫ ራሴ ጻፍሁና ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ አጋራሁት። ፓርሰሩ የሚቀበለው ምንድን ነው? ጽሑፍ ነዋ። ስለዚህ «ስትሪንግ»። ሁለት ጊዜ አላሰብሁበትም።

ከወራት በኋላ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የተገልጋዮቹን መዝገብ ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ እያዛወረ ነበር። «ስሞች እየተበላሹብን ነው» አለኝ። «ሁሉም አይደሉም። ከብዙ ሺህ ውስጥ እዚህም እዚያም አንድ። አንዲት ወለተ ማርያም መሃል ላይ አንድ ፊደሏ ጠፍቶ በቦታው ሦስት ጥቁር አልማዝ፣ በውስጣቸው የጥያቄ ምልክት።» ፋይሉን ደግመው ሲያስነብቡት ያው ሰው፣ ያው ፊደል። ሌላ ረድፍ ከላይ ሲጨምሩ ደግሞ ወለተ ማርያም ትድንና ሌላ ሰው ይበላሻል።

ምክንያቱ የእኔ «ስትሪንግ» መሆኑን ለማወቅ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ።

ከስትሪም፣ ማለትም ፋይልን ጥቂት በጥቂት ከማንበብ፣ ልጀምር። 300 ሜጋባይት ፋይል በአንድ ጊዜ ሜሞሪ ላይ አንጭነውም። ኖድ ጄኤስ፣ ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጪ የሚያስሮጠው ፕሮግራም፣ ፋይልን በስትሪም ሲያነብ፣ ሌላ መጠን ካልነገርነው በቀር በ64 ኪሎባይት ቁራጭ ያቀብለናል፤ 65,536 ባይት ማለት ነው። 300 ሜጋባይቱ 4,800 ቁራጭ ይሆናል። ቁራጩ የት እንደሚያልቅ የሚወስነው የባይት ቆጠራ ብቻ ነው። ረድፉ አላለቀም፣ ስም መሃል ላይ ነን ብሎ የሚጠብቅ የለም።

እዚህ ከተማ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአድባራቱ በአንዱ የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቁም ጸሐፊው መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን ከመሃሉ ትቶ ቀሪውን ከታች ይቀጥላል። ምልክት አያደርግለትም። አንባቢው ሁለት ነጥቡን እስኪያገኝ ቃሉ እንዳላለቀ ስለሚያውቅ ያነበበውን በአፉ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ጥሩ ፓርሰር የሚሠራው ይህንኑ ነው። የቁራጩ መጨረሻ የረድፉ መጨረሻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የተረፈውን ይይዛል፤ ቀጣዩ ሲመጣ ያያይዛል። አንድ ልዩነት ግን አለ። ጸሐፊው ቃል ይቆርጣል እንጂ ፊደል አይቆርጥም። ኮምፒውተር ፊደልም ይቆርጣል።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የዓለም ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ያንን ቁጥር ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የእንግሊዝኛው «ኤ» 1 ባይት ይበቃዋል። «ጎንደር» አራት ፊደል ነው፣ 12 ባይት። «ደ» ብቻዋን 225፣ 139፣ 176 ናት። ሦስቱ አብረው ካልመጡ «ደ» የለችም።

አሁን አብረን እናስላ። 65,536ን ለ3 ስናካፍል 21,845 ደርሶ 1 ይተርፋል። ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ፋይል ቢኖረን ገና የመጀመሪያው ቁራጭ ሲያልቅ 21,846ኛው ፊደል ይሰነጠቃል፤ አንዱ ባይት ከዚህ ወገን፣ ሁለቱ ከዚያ ወገን ይቀራሉ። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ወደ ጽሑፍ ከለወጥነው በዚህ በኩል አንድ፣ በዚያ በኩል ሁለት የብልሽት ምልክት ይወጣል። የወዳጄ ሦስት አልማዞች እነዚህ ነበሩ። እውነተኛ ፋይል ኮማም ቁጥርም ስለሚቀላቀልበት አንዳንዱ ወሰን ከፊደል መሃል ሳይሆን ከፊደል ዳር ላይ ያርፋል። ስህተቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታየው፣ ረድፍ ሲጨመርም ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወረው ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ፋይል ብቻ የሚሞክር ፕሮግራመር ደግሞ ዕድሜ ልኩን አያየውም።

ላይብረሪው ግን ንጹሕ ነበር። ባይት በቀጥታ ቢሰጡት የተሰነጠቀውን ፊደል ይዞ ቀሪው እስኪመጣ ይጠብቃል። ደራሲው አስቦበታል። ያላሰብሁበት እኔ ነኝ። ወዳጄ ባይቱን እንዳለ ለፓርሰሩ ሊያቀብል ሲሞክር፣ የእኔ መግለጫ «ስትሪንግ» ስለሚል ኤዲተሩ ከሥሩ ቀይ አሰመረበት። ቀዩን ለማጥፋት እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻው ወደ ስትሪንግ ለወጠው። ቀዩ ጠፋ፣ ፊደሉ ተሰነጠቀ። አንዴ አልማዝ ከሆነ በኋላ ደግሞ የትኛው ፊደል እንደነበር ከውጤቱ ተመልሶ አይታወቅም። ወደ መነሻው ፋይል ተመልሰው ሥራውን እንደ አዲስ መጀመር ነበረባቸው። ትክክለኛውን በር የዘጋሁት፣ የተሳሳተውን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ያውም የሚሮጥ ኮድ አንድ መስመር ሳልጽፍ።

ለጀማሪዎቹ ስለ መግለጫ ፋይል ትንሽ ልበል። ታይፕስክሪፕትን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 አወጣው። በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ላይብረሪ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ለታይፕስክሪፕት የሚነግረው ፋይል መግለጫ ይባላል። ውስጡ የሚሠራ ነገር የለም፤ የፈንክሽኖች ፊርማ፣ ማለትም የሚገባውና የሚወጣው ታይፕ፣ ብቻ ነው። ዴፊኒትሊ ታይፕድ በሚባለው የጋራ ማከማቻ በሺህ ለሚቆጠሩ ላይብረሪዎች በጎ ፈቃደኞች የጻፏቸው መግለጫዎች ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት በየቀኑ ትጠቀሙባቸዋላችሁ። ኮምፓይለሩ፣ ታይፕስክሪፕትን መርምሮ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚለውጠው ፕሮግራም፣ መግለጫውን ከላይብረሪው ኮድ ጋር አያመሳክርም። ዳኛ ነው፤ መግለጫው ደግሞ እማኝ። እማኙ ያለውን ይዞ ይፈርዳል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ታይፖቹ ሁሉ ተፍቀዋል፤ ስለዚህ እማኙ ቢዋሽ የሚያርመው የለም።

ታዲያ በስትሪም ፓርሰር ላይ እማኝነት ለምን ከባድ ሆነ? ተራ ፈንክሽን ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር ይመልሳል፤ አለቀ። ፓርሰር ግን ሌላ ሰው፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ማሽን የጻፈውን ፋይል ነው የሚያነብ። ይዘቱን እኔም አላየሁት፣ ኮምፓይለሩም አላየው። መግለጫ ስንጽፍ የምንገልጸው ፋይሉ እንዲሆን የምንመኘውን ሳይሆን ላይብረሪው በእርግጥ የሚያደርገውን መሆን አለበት። ሁለቱ የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ላሳያችሁ።

ብዙ የፓርሰር መግለጫዎች ውስጥ የምታዩት ውበት አለ። «የተገልጋይ ታይፕ ስጠኝና የተገልጋይ ረድፎችን እመልስልሃለሁ» ይላል። ተገልጋይ ስሙ ስትሪንግ፣ ዕድሜው ቁጥር ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ኤዲተሩ ነጥብ ስትመቱ ስምና ዕድሜ እያለ ያቀርብላችኋል። ደስ ይላል። ግን ያ ታይፕ የመጣው ከእናንተ ነው፤ ላይብረሪው አያውቀውም። ሲኤስቪን የሚገልጸው የ2005ቱ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 4180፣ ስለ ኮማ፣ ስለ ጥቅስ ምልክትና ስለ መስመር መጨረሻ ይናገራል እንጂ ቁጥር የሚባል ነገር የለውም። ሁሉም ጽሑፍ ነው። ዕድሜ «25» ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል፤ ኮምፓይለሩ ቁጥር መስሎት ዝም ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ይሆናል ብላችሁ 1 ስትደምሩ 251 ታገኛላችሁ። ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ሪፖርት ውስጥ ገብቶ አይቻለሁ።

እኔ ዛሬ የምጽፈው እንዲህ ነው። ረድፉን የጽሑፍ መዝገብ አድርጌ እገልጻለሁ፤ ጄሰን ከሚባለው ሌላ የዳታ አጻጻፍ ስትሪም የሚመጣ ከሆነ ደግሞ «አንኖውን»። «አንኖውን» እ.ኤ.አ. በ2018 በታይፕስክሪፕት 3.0 እትም የመጣ ታይፕ ነው። ምንም እንደማይመረመርበት ታይፕ እንደ «ኤኒ» ማንኛውንም ነገር ይቀበላል፤ ሳትመረምሩት ግን አያስነካችሁም። ተጠቃሚው ተገልጋይ የሚል ታይፕ ከፈለገ መርማሪ ፈንክሽን አብሮ ይስጥ፤ ታይፑም ከመርማሪው ይወሰድ። ጥቂት መስመር ያስጨምራል፤ ተጠቃሚዎችም ያጉረመርማሉ። የሚያጉረመርሙበት ሥራ ግን ከመጀመሪያውም መሠራት የነበረበት ነው።

ከዚሁ ጋር፣ አንዳንድ ፓርሰር ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ወደ ቁጥር የሚለውጥ አማራጭ አለው። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ዜሮው ተቆርጦ ይወጣል። አማራጩ ሲበራ የሕዋሱ ታይፕ «ስትሪንግ ወይም ቁጥር» መሆኑን መግለጫው መናገር አለበት፤ ሲጠፋ «ስትሪንግ» ብቻ። አማራጭ የውጤቱን ቅርጽ የሚለውጥ ከሆነ ፊርማውም አብሮ መለወጥ አለበት።

ወደ ዓምድ ርዕሶች እንምጣ፤ ይህ በተለይ የእኛ ጉዳይ ነው። ጃቫስክሪፕት የአማርኛ ፊደልን በስያሜ ውስጥ ይፈቅዳል፤ ታይፕ ላይ «ስም»፣ «ዓመት»፣ «ቀበሌ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። እኔ እወደዋለሁ፤ ፋይሉና ኮዱ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ግን ፋይሉን የሞላው ሰው «አመት» ብሎ ጽፎት ከሆነስ? ለእኛ ዓይን አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ «አ» እና «ዐ» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንደዚሁ፤ ሰና ሠ፣ ጸና ፀም። የዩኒኮድ ማስተካከያ ሥርዓት እነዚህን አንድ አያደርግልንም፤ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና ማድረግም የለበትም። ታይፑ ላይ «ዓመት» ስላላችሁ ኮምፓይለሩ አለ ይላችኋል፤ ስትጠይቁት ግን ባዶ ነው። በመዝገብ ላይ በስም ስንጠይቅ ውጤቱ «ላይኖር ይችላል» እንዲባል የሚያደርግ የኮምፓይለር ቅንብር ከ4.1 እትም ጀምሮ አለ። አብሩት። በመግለጫችሁም ላይ ርዕስን አስተካክሎ የሚመልስ ፈንክሽን የሚቀበል አማራጭ ካለ በግልጽ አሳዩት፤ ሀ እና ሐን የማዋሃድ ውሳኔ የሚወሰነው እዚያ ነው።

ኤክሴል ዩቲኤፍ-8 ሲኤስቪ ሲያስቀምጥ ፋይሉ ራስ ላይ የማይታይ 3 ባይት ምልክት ያደርጋል። ፓርሰሩ ካልጣለው የመጀመሪያው ዓምድ ርዕስ «ስም» አይደለም፤ የማይታይ ነገር የተለጠፈበት «ስም» ነው። የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ባዶ ከሆነባችሁ እዚያ ፈልጉ።

ስለ ቀን መቆየት እፈልጋለሁ። የመግለጫ ጸሐፊ ቀን የሚል ዓምድ ሲያይ እጁ ወደ «ዴት» ይሄዳል። የጃቫስክሪፕት «ዴት» ግን ጳጉሜን አያውቅም። «2016-13-05» ስጡት፤ ጳጉሜ 5 ነው፣ ለእኛ ትክክለኛ ቀን። የሚመልስላችሁ ልክ ያልሆነ «ዴት» ነው። ታይፑ ግን አሁንም «ዴት» ነው፤ ኮምፓይለሩ ምንም አይልም። ይህ እንኳ ይሻላል፤ ቢያንስ ሪፖርቱ ላይ ይታያል። «2016-06-30» ስጡት፤ የካቲት 30 ቀን 2016 ማለታችሁ ነው። እሱ የፈረንጁ ጁን 30 ቀን 2016 ብሎ በደስታ ይቀበላል፤ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2008 ነው። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ አንድም ስህተት ሳይታይ። አንዲት እናት ልጇን ያስከተበችበት ቀን ቢሆንስ? ቀንን በመግለጫችሁ «ዴት» አትበሉት። ስትሪንግ በሉት፤ ወይም «የኢትዮጵያ ቀን» የሚባል የራሱ ምልክት ያለው ታይፕ ፍጠሩለትና በመርማሪ ፈንክሽን ካላለፈ በቀር ማንም እንዳያገኘው አድርጉ። ካሌንደሩን የሚያውቀው ተጠቃሚው ነው፤ ፓርሰሩ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ቃል ልሂድ። «ቮይድ»፣ የሚመለስ ነገር የለም የሚለው ታይፕ።

በልጅነቴ አዘዞ ወፍጮ ቤት እህል ተሸክሜ ወረፋ እጠብቅ ነበር። ባለወፍጮው እህሉን በወፍጮው አፍ ላይ ሲያፈስስ ዓይኑ ከድንጋዩ አይነቀልም። አፉ ሲሞላ ቆም ያደርጋል፤ ሲጎድል ይጨምራል። የእኛ ተራ ሲደርስ ጣሳዬን ይዤ ልረዳው ስል «ቆይ!» ይለኛል። ያንን «ቆይ» ያልሰማ ልጅ እህሉን መሬት ላይ ያፈስሳል።

ኖድ ጄኤስ ውስጥ ወደ ስትሪም ቁራጭ ስትጽፉ እሺ ወይም አይደለም የሚል «ቡሊያን» ይመለስላችኋል። አይደለም ማለት «ቆይ» ነው፤ ማጠራቀሚያው ሞልቷል። ሲጎድል «ድሬን» የሚባል ክስተት ይጠራችኋል። መግለጫ ጸሐፊው ይህን ፈንክሽን «ቮይድ ይመልሳል» ብሎ ከጻፈው «ቆይ» የሚለውን ድምፅ አፈነው ማለት ነው። «ቡሊያን» ብሎ መጻፍ ተጠቃሚው እንዲያዳምጥ አያስገድደውም፤ ግን የሚሰማ ነገር እንዳለ ያሳየዋል።

የባሰው ግን በሌላ በኩል ነው። ብዙ ፓርሰሮች «ለእያንዳንዱ ረድፍ ይህን ሥራ» ብለን ፈንክሽን እንድንሰጣቸው ይፈቅዳሉ። የዚያ ፈንክሽን መመለሻ «ቮይድ» ተብሎ ይገለጻል። አንዳችን ደግሞ እያንዳንዱን ረድፍ ዳታቤዝ ላይ የሚጽፍ «አሲንክ» ፈንክሽን፣ ሥራው ሳያልቅ «ሲያልቅ አሳውቅሃለሁ» የሚል ፕሮሚስ የሚመልስ ፈንክሽን፣ እንሰጠዋለን። ኮምፓይለሩ ይቀበላል። እዚህ ቦታ ላይ «ቮይድ» ማለት ምንም አትመልስ ማለት ሳይሆን የምትመልሰውን አላየውም ማለት ነውና። ላይብረሪውም አያየውም፤ አይጠብቅም። ዲስክ ማንበብ ዳታቤዝ ላይ ከመጻፍ በብዙ ይፈጥናል። ያልተጻፉ ረድፎች ሜሞሪ ላይ ይከመራሉ። በመቶ ረድፍ ሲሞከር ያማረ ነበር፤ በሙሉው ፋይል ሰርቨሩ ሜሞሪ አልቆበት ይወድቃል። ስትሪም የመረጥነው ሜሞሪ እንዳይሞላ አልነበረም?

ስለዚህ ወደ ላይብረሪው ኮድ ግቡና እዩ። ፈንክሽኑ የሚመልሰውን ፕሮሚስ ይጠብቃል? ከጠበቀ «ቮይድ ወይም ፕሮሚስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ተጠቃሚው እንደሚጠበቅለት ይወቅ። የማይጠብቅ ከሆነ መመለሻውን «አንዲፋይንድ»፣ ማለትም ባዶ ዋጋ ብቻ፣ አድርጉት። ያኔ «አሲንክ» ፈንክሽን የሰጠ ሰው ቀዩን መስመር ያያል፤ በዚህ ጊዜ ቀዩ ትክክል ነው። ከ5.1 እትም ወዲህ ይህ ቀሏል፤ ምንም የማይመልስ ተራ ፈንክሽን ያለ ችግር ያልፋል። አንዳንድ የአንድ መስመር አጫጭር ፈንክሽኖችን ይከለክላል፤ እኔ ያንን ዋጋ እከፍላለሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን ረድፎቹን «አሲንክ ኢተረብል» አድርጎ የሚያወጣ ፓርሰር ነው። ተጠቃሚው በሉፕ አንድ ረድፍ ይወስዳል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ቀጣዩን ይጠይቃል። የሚያፈስስ የለም፤ ወፍጮው ራሱ በአቅሙ ይስባል። «ቆይ» ማለትም አያስፈልግም። ላይብረሪው ይህን ከፈቀደ መግለጫው ላይ ቀድሞ የሚታየው ይሁን።

ስለ ስህተት ብዙ አልልም። ያልተዘጋ አንድ የጥቅስ ምልክት የቀረውን ፋይል በሙሉ አንድ ሕዋስ አድርጎ ሊውጥ እንደሚችል አስታውሱ። ፓርሰሩ የተበላሸ ረድፍን ዘልሎ የሚቀጥል ከሆነ የሚወጣው ነገር «ረድፍ» ብቻ ተብሎ አይገለጽ። «ወይ ረድፍ፣ ወይ ስህተት ከመስመር ቁጥሩ ጋር» ይባል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለይ ምልክትም ይኑረው። ተጠቃሚው ሳይጠይቅ ማለፍ አይችልም።

እኔ የ«ስትሪንግ»ን ጥፋት ያረምሁት በአምስት ደቂቃ ነው፤ «ስትሪንግ ወይም የባይት ድርድር» አልሁት። ከዚያ በኋላ ግን ለመግለጫው ፈተና መጻፍ ጀመርሁ። መግለጫ የማይሮጥ ከሆነ ምኑ ይፈተናል ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ይፈተናል፦ ማለፍ ያለበት ኮድ ማለፉ፣ መውደቅ ያለበት ኮድ መውደቁ። ለሁለተኛው ከ3.9 እትም ጀምሮ «ከዚህ በታች ያለው መስመር ስህተት መሆን አለበት» የሚል ማስታወሻ አለ፤ መስመሩ ስህተት ሳይሆን ሲቀር ኮምፓይለሩ ራሱ ይጮኻል። የመጀመሪያው ፈተናዬ ባይት ለፓርሰሩ በቀጥታ ይሰጣል፤ ቀይ እንዳይሰመርበት። ሁለተኛው «አሲንክ» ፈንክሽን ይሰጣል፤ እንዲሰመርበት። ሁለቱም አጭር ናቸው።

እንግዲህ ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ። ያካፈልኋችሁ ማህደር ውስጥ ታይፕ የሌለው ትንሽ ፓርሰርና አንድ የሲኤስቪ ፋይል አለ። ስሞቹ ሁሉ የፈጠራ ናቸው። ፋይሉ ከ65,536 ባይት ትንሽ ይበልጣል፤ ሆን ብዬ ነው። አንዱ ርዕስ «ዓመተ ምሕረት» ይላል፤ በየትኛው «ሀ» እንደተጻፈ በዓይናችሁ ሳይሆን በኮድ አረጋግጡ። ሁለት ረድፎች ጳጉሜ ላይ ናቸው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ መግለጫውን ጻፉለት፤ መጀመሪያ ግን የፓርሰሩን ኮድ አንብቡ፣ 140 መስመር ብቻ ነው። ከሻይ በኋላ የመጀመሪያውን መስመር፣ ቁራጭ የሚቀበለውን ፈንክሽን፣ ምን ብላችሁ እንደገለጻችሁት ከእያንዳንዳችሁ እሰማለሁ።